ከሚሰጠው ኃይል የበለጠ የሚያስወጣ ምግብ አለን? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ክብደታቸውን ለመቀነስ የሚጥሩ ሰዎች ለሐኪሞች ደጋግመው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ሲበሉ የሚያከሱ ምግቦች አሉ ወይ የሚል ነው። በብዙዎች ዘንድ እንደሚታመነው፣ ሴለሪ፣ ኪያር፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመንና እነዚህን የመሳሰሉ አትክልቶች የሚሰጡት ኃይል እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ፣ ሰውነት እነርሱን ለማላመጥና ለመፍጨት የሚያወጣው ኃይል ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህም አንድ ሰው እነዚህን በበላ መጠን ከስቡ እየተቀነሰ ይሄዳል ይባላል። እምነቱ ያለ አንዳች መሠረት የተነሣ አይደለም፤ ምግብ መፍጨት ራሱ ኃይል እንደሚጠይቅ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በመለኪያ የታየ ሐቅ ነው። ያከራከረው ጉዳይ መጠኑ ነው። ለዚህም መልስ እስኪገኝ ድረስ ሕክምና ረዥም የሚዛንና የሙቀት ልኬት ጉዞ ተጉዟል። ይህን ታሪክ ማወቅ ሐኪሙን የሚጠቅመው፣ የታካሚውን ጥያቄ በአንድ ቃል ለመዝጋት ሳይሆን፣ ጥቂት በሆነ ነገርና ከምንም በታች በሆነ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ነው። ልዩነቱም ከታች እንደሚታየው፣ መክሳት ለሚፈልገው አዋቂ ብቻ ሳይሆን ሳይፈልግ ለሚከሳው ሕፃንም የሚተርፍ ቁም ነገር አለው።

በሚዛን ላይ የተቀመጠው ሐኪም

ወደ ሰውነት የሚገባውንና ከሰውነት የሚወጣውን በቁጥር ለማስላት ከተነሡት መካከል ቀዳሚው ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ (1561–1636 እ.ኤ.አ.) ነው። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ይህ ሐኪም፣ ከትልቅ ሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ክብደት፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ እንዲሁም ሰገራውንና ሽንቱን ለብዙ ዓመታት መዝኗል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1614 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ በአንድ ቀን ስምንት ፓውንድ የሚመዝን ምግብና መጠጥ የወሰደ ሰው፣ ከዚህ ውስጥ አምስት ፓውንድ ያህሉ በዓይን በማይታይ ትነት ከሰውነቱ ይወጣል።

ሳንቶሪዮ የለካው ክብደትን እንጂ ኃይልን አልነበረም፤ በዘመኑ ስለ ኃይል የጠራ ጽንሰ ሐሳብ አልነበረምና። ይሁን እንጂ የሰውነትን ጉዳይ እንደ ነጋዴ መዝገብ በገቢና በወጪ ለይቶ ማየት ከእርሱ ዘመን ጀምሮ የሕክምና ልማድ ሆነ። ከሚበላው የሚበልጥ ወጪ ያለው ምግብ አለ ወይ የሚለው ጥያቄም ሊጠየቅ የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ነው።

እሳትና እስትንፋስ

የጎደለውን የኃይል ጽንሰ ሐሳብ ያስጀመረው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዝዬ (1743–1794 እ.ኤ.አ.) ነው። ላቯዝዬ ከሒሳብ ሊቁ ከላፕላስ ጋር ሆኖ፣ አንዲት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ከገላዋ በሚወጣው ሙቀት የቀለጠውን በረዶ መዘነ። የቀለጠውን በረዶ እንስሳዋ ከተነፈሰችው አየር ጋር በማነጻጸርም፣ መተንፈስ ማለት ነበልባል የሌለው ዘገምተኛ መቃጠል ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ላቯዝዬ እ.ኤ.አ. ከ1790 ገደማ ጀምሮ ከረዳቱ ከአርማን ሴጊን ጋር ያደረገው ጥናት ነው። ሴጊን ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ሲተነፍስ የሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠን ይለካ ነበር። መጠኑ በብርድ ጊዜ፣ ሸክም ሲያነሣና ምግብ ከበላ በኋላ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሥራና ብርድ የሰውነትን እሳት እንደሚያነድዱ መገመት አያስቸግርም፤ ቁጭ ብሎ ምግብ መፍጨት ብቻውን ኦክስጅን እንደሚያስጨምር መታየቱ ግን አዲስ ነገር ነበር። ስለ «ከሳሽ ምግቦች» የሚነገረው ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በዚህ ግኝት ላይ ነው። ላቯዝዬ ሥራውን ሳይቋጭ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1794 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በሞት ተቀጣ።

ካሎሪ ወደ ማዕድ የመጣበት ዘመን

በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሥነ ምግብ ምርምር ማዕከል የሙኒኩ የካርል ፎይት ቤተ ሙከራ ነበር። ከዚያ ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ማክስ ሩብነር (1854–1932 እ.ኤ.አ.)፣ አንድ ግራም ፕሮቲን፣ ቅባትና ካርቦሃይድሬት በሰውነት ውስጥ ሲቃጠሉ የሚሰጡትን ሙቀት ለክቶ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ ውሻ በሙቀት መለኪያ ክፍል ውስጥ በማስቀመጥ፣ ከእንስሳው የሚወጣው ሙቀት ከሚቃጠለው ምግብ ኃይል ጋር እኩል መሆኑን አሳየ። በሕይወት ያለ ገላም እንደ ማንኛውም ሞተር ለኃይል ሕግ ተገዢ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሩብነር ላቯዝዬ የጀመረውንም ነገር ቀጠለበት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ የሚታየው የሙቀት ጭማሪ እንደ ምግቡ ዓይነት እንደሚለያይ በዝርዝር አቀረበ። ከሁሉ የበለጠ ሙቀት የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ሲሆን፣ ጭማሪውም ከተበላው ፕሮቲን ኃይል ውስጥ 30 በመቶ ያህል ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሁሉ ይበልጥ ወጪ የሚያስወጣው ምግብ እንኳ ከሚሰጠው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለሰውነት የሚያስቀር መሆኑ ነው።

በሙኒክ የተማረው አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር (1844–1907 እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ልኬት ወደ ሰው አሻገረው። በኮነቲከት በሚገኘው ዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ከፊዚክስ ሊቁ ከኤድዋርድ ሮዛ ጋር ባሠራው ክፍል ውስጥ ሰዎች ለቀናት እየኖሩ፣ እየበሉ፣ እየሠሩና እየተኙ የሚያወጡት ሙቀትና የሚተነፍሱት አየር ይለካ ነበር። ዛሬ በየምግብ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የካሎሪ ቁጥር የሚሰላበት ቀመር የእርሱ ነው፤ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ለቅባት 9፣ ለካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ። የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥም የዚሁ የልኬት ባህል ፍሬ ነው።

የአትዋተር ቀመር በሰገራና በሽንት የሚጠፋውን ኃይል አስቀድሞ ቀንሷል፤ ምግቡን ለመፍጨት የሚወጣውን ሙቀት ግን አልቀነሰም። ስለዚህ «በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውስጥ የመፍጫው ወጪ መቀነስ አለበት» የሚል ሰው ትክክል ነው። ቀንሶ ከዜሮ በታች ይገኛል ሲል ግን ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ከምግብ በኋላ የሚጨምረው ሙቀት ምንጩ ምንድን ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ለረዥም ጊዜ ተከራክረዋል። አንደኛው ወገን፣ ጭማሪው የአንጀት ድካም ነው ይል ነበር። እንደዚህ አባባል ከሆነ፣ ጠንካራና አሰር የበዛበት ምግብ አንጀትን አብዝቶ ስለሚያደክም ብዙ ኃይል ሊያስወጣ ይገባል። ዛሬ ስለ ሴለሪ የሚነገረው ሐሳብም ይኸው ነው።

በቦስተን የካርኔጊ ተቋም የሥነ ምግብ ቤተ ሙከራ ይመራ የነበረው ፍራንሲስ ቤኔዲክት ከባልደረባው ከኤመስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1912 ይህንን በቀጥታ ፈተነ። ለሰዎች ኃይል የማይሰጡ፣ ነገር ግን አንጀትን የሚሞሉና የሚያንቀሳቅሱ ነገሮች፣ ማለትም አጋርና የሚያስቀምጥ ጨው፣ ሰጥቶ የሰውነታቸውን ኃይል አጠቃቀም ለካ። የሚታሰብ ጭማሪ አልተገኘም። በሌላ በኩል በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ግራሃም ለስክ፣ እርሱም የፎይት ተማሪ፣ ግላይሲንና አላኒን የተባሉትን ቀላል አሚኖ አሲዶች ለውሾች ሲሰጥ ሙቀታቸው በግልጽ ጨመረ። እነዚህ ደግሞ መፈጨት የማያስፈልጋቸው ናቸው። ስለሆነም ወጪው በአብዛኛው የሚመጣው ከአንጀት ጉልበት ሳይሆን፣ የተመጠጠው ንጥረ ነገር በጉበትና በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ሲለወጥ፣ ሲገነባና ሲከማች ከሚካሄደው ኬሚካላዊ ሥራ ነው። በዚህም መሠረት ወጪው የሚመጠጠውን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ምንም ያህል ያልሰጠ ምግብ፣ ምንም ያህል አያስወጣም።

በዛሬው ልኬት ይህ ወጪ ከተበላው ኃይል ውስጥ ለፕሮቲን ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ለካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ለቅባት ከ0 እስከ 3 በመቶ ሲሆን፣ ለተደባለቀ ምግብ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው። ማላመጥም ወጪ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከማዮ ክሊኒክ የወጣ አጭር ዘገባ፣ ማስቲካ ያለማቋረጥ ማኘክ በሰዓት 11 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንደሚያስወጣ አሳይቷል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ

ካሎሪ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ በየቤቱ የገባው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የካሊፎርኒያዋ ሐኪም ሉሉ ሀንት ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንባቢዎቿ ምግብን በቁራሽና በጭልፋ ሳይሆን በካሎሪ እንዲቆጥሩ አስተማረች፤ መጽሐፉም በብዛት ተሸጠ። ቁጥሩ ከተለመደ በኋላ ሰዎች ቁጥሩን የሚያመልጡበትን መንገድ መፈለጋቸው አልቀረም። በ1930ዎቹ ግሬፕፍሩት ስብን ያቀልጣል የሚለው የአመጋገብ ስልት በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ኋላም ተራው የሴለሪ ሆነ።

በዚያው ዘመን ግን ሰውነት ያለ ሥራ ኃይሉን እንዲያባክን የሚያደርግ ነገር በእርግጥ ተገኝቶ ነበር፤ ምግብ አልነበረም እንጂ። ዳይናይትሮፌኖል የተባለው ኬሚካል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የፈንጂ ፋብሪካዎች ሠራተኞችን በትኩሳትና በላብ አሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1933 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከቲንግና ቴይንተር የኃይል አጠቃቀምን እንደሚያፋጥን ካስታወቁ በኋላ ለማክሰሻ በሰፊው ተሸጠ። ኬሚካሉ ሚቶኮንድሪያ ኃይልን ለሥራ እንዳያውል በማድረግ ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ክብደት በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን በዓይን ሞራ የታወሩና ሙቀታቸው ከልክ አልፎ የሞቱ ሰዎች ታዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1938ም በአሜሪካ ለሰው እንዳይሰጥ ተደረገ። ኬሚካሉ በኢንተርኔት ንግድ ዳግም ብቅ ብሎ ወጣቶችን በመግደሉ፣ ዩናይትድ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መርዞች ተራ መድባዋለች። ሰውነት ያለ ሥራ ከሚገባው በላይ «ሲነድ» ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ይህ ታሪክ ነው። ጥሬ አትክልት እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ ባይኖረውም መልካም ነው።

የሴለሪ ሒሳብ

አንድ መቶ ግራም ሴለሪ 95 ግራም ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ የሚሰጠው ኃይል ወደ 16 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በአምስት ደቂቃ ቢላመጥ ከላይ በተጠቀሰው የማስቲካ ልኬት ወጪው አንድ ኪሎ ካሎሪ አይሞላም። ለልመቱ አሥር በመቶ ቢታሰብ ከሁለት ኪሎ ካሎሪ አይዘልም። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቢሆንና ሰውነት ሊያሞቀው ቢገደድ ደግሞ ሌላ ሦስት ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨመራል። ሁሉም ተደምሮ የገቢውን ግማሽ አይደርስም።

ሒሳቡን በልኬት ለመፈተን የሞከሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ ጤናማ ሰዎች ይህንኑ 100 ግራም ሴለሪ ከበሉ በኋላ የታየውን ጭማሪ ከ16 ኪሎ ካሎሪ ውስጥ 14 ገደማ አድርሶታል። ይህ ለአማኞቹ ከሁሉ የሚመች ልኬት ሲሆን፣ እንዲያም ሆኖ ሚዛኑ ከዜሮ በታች አልወረደም። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ሴለሪ የተመገቡ እንሽላሊቶችን ሙሉ መዝገብ አቅርቧል። ከተበላው ኃይል 43 በመቶው ከሰውነት በተወገደው ቆሻሻ ወጣ፤ 33 በመቶው ለመፍጨት ዋለ፤ 24 በመቶው ለእንስሳው ተረፈ። ሳንቶሪዮ በወንበሩ ላይ የጀመረው መዝገብ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ከምግብ በኩል ትርፍ እንጂ ጉድለት አላሳየም።

በእርግጥ ከሚሰጠው የሚያስወጣው የሚበልጥ አንድ ነገር በየቤቱ አለ፤ እርሱም በረዶ ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር በረዶ ውሃን ወደ ሰውነት ሙቀት ለማድረስ 18 ኪሎ ካሎሪ ተኩል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ይህ ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ኃይል እምብዛም አይበልጥም፤ ውሃም ምግብ አይባልም።

ጥቂት መሆን የሚያተርፈውና የሚጎዳው

ታዲያ አትክልት አብዝተው የሚበሉ ሰዎች ክብደታቸው ሲቀንስ ለምን ይታያል? ምክንያቱ አትክልቱ ያቃጠለው ስብ ሳይሆን፣ ሆድን ሞልቶ ሌላውን ምግብ ማስቀረቱ ነው። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ከዋናው ምግብ በፊት 300 ግራም ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ሰላጣ የበሉ ሴቶች፣ ሰላጣውም ተቆጥሮ፣ በዚያ ገበታ የወሰዱት ጠቅላላ ኃይል በ12 በመቶ ቀንሷል። ሰላጣው በቅባትና በአይብ ሲበለጽግ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። ስለዚህ ለታካሚው የሚሰጠው ምክር «ሴለሪ ያከሳል» የሚል ሳይሆን፣ «ሴለሪው የሌላውን ቦታ ከያዘ ይረዳል፤ በሌላው ላይ ከተጨመረ አይረዳም» የሚል ሊሆን ይገባል። ከምሳ በኋላ ሴለሪ በመብላት ምሳውን «አጠፋሁት» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው እህሉን ሁሉ ትቶ በአትክልት ብቻ ሲውል ደግሞ፣ ጉዳቱ ከመታለል አልፎ የደም ስኳር መውረድን ሊያስከትል ይችላል።

የዚሁ ሐቅ ሌላ ፊት ግን በአገራችን ሕፃናት ላይ ይታያል። በ100 ግራም ውስጥ 5 ግራም ዱቄት ብቻ ያለበት ቀጭን አጥሚት የሚሰጠው ኃይል 18 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከሴለሪ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ9 እስከ 11 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህን ከቀጭኑ አጥሚት ለማግኘት 1.7 ሊትር ያህል መጠጣት አለበት። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ 240 ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ በቀን ሰባት ጊዜ ሆዱ እስኪወጠር መጠጣት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜም ለጡት ወተት ቦታ አይተርፍም። እናቲቱ ልጇ ጠግቦ እንደተኛ ታያለች፤ እርሱ ግን ይከሳል። አጥሚቱ ከሕፃኑ ኃይል ነጥቆ አይደለም፤ ቦታውን ይዞ የሚበቃውን ስላስቀረበት እንጂ። አዋቂውን የጠቀመው ያው ነገር ሕፃኑን ጎዳው።

መፍትሔውም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። ዱቄቱ በዝቶ እንደ ገንፎ ሲወፍር፣ በ100 ግራም ከ80 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ሲጨመርበት 45 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያክላል። ጥቂት የብቅል ዱቄት ደግሞ ወፍራሙን ገንፎ ያለ ተጨማሪ ውሃ ያላላዋል። በከፋ ደረጃ ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠው ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት የሚሠራው ለምለም ምግብ በዚሁ መርሕ የተሠራ ነው፤ 92 ግራም የሚመዝነው አንዱ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ይህ ምግብ ሕፃናትን ሆስፒታል ሳያስተኙ በቤታቸው ለማከም እንደሚያስችል በቀዳሚነት ካሳዩት ሥራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ኢትዮጵያ በተከሰተው የምግብ እጥረት ጊዜ የተካሄደው ነው።

ማጠቃለያ

ከሳንቶሪዮ ሚዛን እስከ አላባማ ቤተ ሙከራ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ምግብ መፍጨት ወጪ አለው፤ ወጪው ግን ከገቢው የሚወለድ በመሆኑ ገቢውን ሊበልጥ አይችልም። ለመክሳት የሚመጣው ታካሚ ሊያውቀው የሚገባው፣ ማዕዱ ላይ ያለው አትክልት ስንት ኃይል እንደሚያቃጥል ሳይሆን በማን ቦታ እንደገባ ነው። በእጇ ብርጭቆ አጥሚት ይዛ ለምትመጣው እናት ደግሞ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ስንት ጊዜ በላ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ አጥሚቱ ምን ያህል ይወፍራል የሚለው መሆን ይኖርበታል።